የዘጠኝ ሰዓቱ ቀለበት

የጣቢያው ሹም ቀለበቱን ከመንጠቆው አውርደው በመዳፋቸው መዘኑት።

አንዴ ወደ ላይ። አንዴ ወደ ታች።

በትኬት መስኮቱ ኋላ የተቀመጠው ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ትኬት ቆራጭ ነው። ቢያንስ ላለፉት አሥራ አንድ ወራት መንደሩ የሚያውቀው እንደዚያ ነው። የላኩት ሰዎች «ሸማኔ» ይሉታል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚጠራው ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ እሱም አይናፍቀውም።

ቀለበቱ ክንድ የሚያሾልክ ሰፊ ብረት ነው። ከግርጌው የቆዳ ኪስ ታስሮበታል፤ ኪሱ ውስጥ ቁጥር የተቀረጸበት ነሐስ አለ። ከዚህች የመንደር ጣቢያ እስከሚቀጥለው ጣቢያ ሐዲዱ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ገጥሞ ሰው እንዳይፈጅ፣ ያንን ነሐስ በእጁ ያልያዘ ነጂ ንቅንቅ አይልም። ጄኔራል ቢያዘውም አይልም።

ዛሬ ኪሱ ውስጥ ከነሐሱ ሌላ ነገር አለ። ጥፍር የምታህል ፊልም፣ በወረቀት ተጠቅልላ። ከሃያ ደቂቃ በፊት ሸማኔ ነው የከተታት።

ሽማግሌው ሹም ወደ መስኮቱ ዞረው አዩት።

ከዚያ ቀለበቱን ለነጂው ሰጡ።

ነጂው ወፍራም መነጽር ያደርጋል። የምስጢር ስሙም «መስታወት» ነው፤ ስም ያወጣለት ሰው ብዙ አልተጨነቀም። ባቡሩ ጮኸ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ሄደ። ሹሙ የቀይና የአረንጓዴ ባንዲራቸውን ጠቅልለው ወደ ቢሮ ገቡ።

«ልጄ፣ አንተ መቼ ነው የምታገባው?»

«ይሄን መልክ ማን ያገባል ጋሼ?»

«ተው ተው! እኔ ዓይን የለኝም መሰለህ?» ብለው ሳቁ።

ሸማኔም ሳቀ። ሸሚዙ ግን ጀርባው ላይ ተጣብቋል። እኚህ ሰው ምን አይተው ይሆን?

ምሳውን የሚበላው እነሱ ቤት ነበር። ቤቱ ከጣቢያው ግድግዳ ጋር የተያያዘ ሁለት ክፍል ነው። የሹሙ ባለቤት፣ እማማ፣ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። «ዛሬ ድምፅህ ደክሟል፣ ቁርስ አልበላህም» ይሉታል ገና ከደጅ ሰላም ሲል። ተሳስተው አያውቁም። እሱም እያጎረሱት፣ እየመረቁት፣ ሹሙ እጃቸውን ሊታጠቡ ወጣ ሲሉ አውልቀው ወንበሩ ላይ ያኖሩትን የአንገታቸውን ቁልፍ አንስቶ ሳሙና ላይ አትሞታል። ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ማለት እንዲህ ነው።

ቁልፉ የሚከፍተው መሳቢያ ውስጥ ጥይት የሚጭኑት ባቡሮች የጉዞ ሰሌዳ ይቀመጣል። የትኛው ባቡር፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ያልፋል። መስመሩን ነጻ እንዲያደርጉ ለሹሙ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ሸማኔ አሥራ አንድ ወር ትኬት የቆረጠው ለዚያ ወረቀት ነው።

ማክሰኞ ዕለት መስታወት ከባቡሩ ሞተር ወርዶ ወደ መስኮቱ መጣ።

«ክብሪት አለህ?»

«እርጥብ ነው።» መለያ ቃላቸው ነበር።

«የነገው የመጨረሻ ነው። ሙሉውን ወር ላክ። አጎትህ ሰላም ብሎሃል።»

«አጎት» አለቃቸው ነው። የማንም አጎት አይደለም።

ሮብ፣ ሹሙ ለምሳ ሲሄዱ፣ ሸማኔ መሳቢያውን ከፈተ። ሰባት ጊዜ ፎቶ አነሳ። መልሶ ቆለፈ። ፊልሟን ጠቅልሎ ቀለበቱ ኪስ ውስጥ ከተተና መጥረጊያ ይዞ ወደ ውጭ ወጣ።

ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል መኪና መጣ።

ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው ወረደ። ሁለት ፖሊሶች ተከተሉት። ሰላምታ አልሰጠም።

«ቀለበቱ የታለ?»

ሸማኔ መጥረጊያውን ይዞ ተከትሏቸው ገባ። ለመከላከያ ደረት ኪሱ ውስጥ ያለው ብዕር ብቻ፣ እስከ በሩ አምስት እርምጃ፣ ከበሩ ውጭ ገላጣ ሜዳ። አያመልጥም።

ባለ ግራጫ ኮቱ ቀለበቱን ከመንጠቆው አወረደ። የቆዳውን ኪስ ፈታ። ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው።

ነሐሱ ኳ ብሎ ወደቀ።

ሌላ ምንም የለም።

ሸማኔ ዓይኑን ማመን አቃተው። ሹሙ ጠረጴዛቸው አጠገብ ቆመው አንዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቤቱን ፈትሹ» አለ ሰውዬው። ፖሊሶቹን እየመራ በጓሮ በር ወጣ።

ሽማግሌው እንደ ወጣት ፈጠኑ። መጡ፣ የሸማኔን እጅ ያዙ፣ መዳፉ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት ሸጎጡ።

«እንካ። ‹ተቆጣጣሪ ወደ እናንተ እየመጣ ነው› ብለው ከወዲያኛው ጣቢያ ሲደውሉልኝ አወጣሁልህ። አልከፈትኩትም፤ የሰው ደብዳቤ አይከፈትም።»

«ጋሼ…»

«የምትጽፍላት ያቺ እዚያኛው ጣቢያ ስልክ የምታነሳዋ ልጅ ናት አይደል? ድምፅዋ ሲያምር! ወር ሙሉ እጄ ላይ ሲከብደኝ አውቄያለሁ።» ፊታቸው በራ። «እኔም ለእማማ በዚሁ ኪስ ነበር የምልክላት። አባቷ እዚያ ሹም ነበሩ፣ ቢይዙኝ ይሰቅሉኝ ነበር። የባቡር ሰው ፍቅሩን በምን ይላክ ታዲያ?»

ሸማኔ አሥራ አንድ ወር ሲጠነቀቅ፣ በሌሊት በህልሙ ሲያዝ፣ ሽማግሌው ሰርግ ሲያስቡለት ኖረዋል። አንጀቱን በሉት። ወረቀቱን ግን አጥብቆ ያዘ።

የጓሮው በር ተከፈተ።

ባለ ግራጫ ኮቱ ከኪሱ አንድ ደብዳቤ አወጣ። «ከዚህ ጣቢያ በዘጠኝ ሰዓቱ ባቡር ቀለበት ወረቀት እንደሚላክ ተጠቁመናል። እዚህ የምትሠሩት ሁለት ናችሁ። ላኪው ሳይገኝ ባቡሩ አይነሳም። ልብሳችሁን አውልቁ። ከአንተ እንጀምር።»

ጣቱን የቀሰረው ወደ ሸማኔ ነው።

ፊልሟ መዳፉ ውስጥ ናት። ቢውጣት የወሩ ሥራ ውሃ በላው። ቢይዟት ያበቃለታል። ከሩቅ ባቡሩ ጮኸ።

አንድ መንገድ ነበር። እንዳየው ወዲያው ገባበት። ይህንን ከራሱ ጋር ብቻውን ሲሆን እንኳ አይክደውም፤ አላመነታም።

«ጌታዬ፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም። ግን…»

«ግን ምን?»

«ጋሼ ቀለበቱን ከመስጠታቸው በፊት ይመዝኑታል። በእጃቸው። ሁልጊዜ። ውስጡ የሆነ ነገር መኖሩን እንደሚያረጋግጥ ሰው።»

እያንዳንዷ ቃል እውነት ነበረች። ፖሊሶቹ ሹሙን አዩ።

ሸማኔ እርግማን ጠበቀ። ሽማግሌው ግን መጀመሪያ ደንገጥ አሉ፣ ከዚያ የገባቸው መሰላቸው። ልጁ ፈርቷል። ሥራውን ሊያጣ ነው። እሳቸው ደግሞ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ቀርቷቸዋል፤ ለአንድ ደብዳቤ ተግሳጽ ቢጽፉባቸው ምን ይጎድልባቸዋል? በአንድ ዓይናቸው ጠቀሱት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ። «ደብዳቤው የእኔ ነው። ልጁን ተዉት።»

«ለማን ነው የምትልከው?»

«እሱማ የጎረምሳ ጉዳይ ነው» ብለው ፈገግ አሉ።

ባለ ግራጫ ኮቱ ቀለበቱን አነሳና ፊታቸው ላይ አሳረፈው።

ብረት ነው። ሽማግሌው ተቀመጡ፤ ወንበር ግን አልነበረም። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። በጣቶቻቸው መሃል ደም ወረደ።

«ለማን?»

ልጅቷን ማስያዝ አልፈለጉም።  ቀና ብለው ሸማኔን አዩት። ንገራቸው ልጄ፣ የሴት ጉዳይ ነው በላቸው፣ የሚል አስተያየት ነበር። ሸማኔ ጫማውን አየ።

ሁለተኛው ምት ጆሯቸው ላይ ነበር። ሦስተኛውን ሸማኔ ሰማ እንጂ አላየም።

ባቡሩ ገባ።

«በቃ፣ የቀረውን ከተማ ይናገራል» አለ ባለ ግራጫ ኮቱ እጁን በመሐረብ እየጠረገ። ሹሙን በካቴና አስሮ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ሲጋራ ለኮሰ። «አንተ ነገ መጥተህ ቃልህን ትፈርማለህ።»

ነጂው ፊሽካ ነፋ። ሽማግሌው በልማድ ሊነሱ ሲሉ ካቴናው ጎተታቸው።

«ባቡሩ ይዘገያል» አሉ ባበጠ አፋቸው። «ቀለበቱን አንተ ስጥ፣ ልጄ።»

ሸማኔ ወደ ውስጥ ገባ። ነሐሱን ከጠረጴዛው አንስቶ የቀለበቱ ኪስ ውስጥ መለሰ። በዚያው ጣት ፊልሟንም። ማን ያያል? ኪሱ ተፈትሿል፣ ጥፋተኛው ተይዟል። የቀለበቱን ደም በእጅጌው ጠርጎ ወጣ። ባለ ግራጫ ኮቱ ቀና ብሎም አላየውም።

ሽማግሌው ግን አዩ። ፊቱን አይደለም፣ የሚንጠለጠለውን የቆዳ ኪስ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያንን ኪስ መዝነዋል፤ መያዝ አያስፈልጋቸውም። ፖሊስ ባለበት ጣቢያ ላይ፣ ይህን ሁሉ ጉድ ያየ ሰው ደብዳቤ ወደዚያው ኪስ መልሶ አይከትም፤ ለፍቅር ብሎ አይከትም።

«ልጄ» አሉ። «ሴት የለችም?»

«ምን ይላል?» አለ ባለ ግራጫ ኮቱ።

«ይቃዣሉ» አለ ሸማኔ።

ሦስት እርምጃ ወደ ሞተሩ። መስታወት ጎንበስ ብሎ ቀለበቱን ተቀበለ።

«ደም አለበት።»

«ያዝ።»

«ሰውዬው ቸኮለ። ከባቡሩ በኋላ እንዲመጣ ነበር የጻፍኩለት።»

ሸማኔ ብረቱን አልለቀቀም። «የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አጎትህ ነው ያስጻፈኝ። መስመሩን አሽትተውታል። የሚበሉት ሰው ካልሰጠናቸው አንተን ይበሉ ነበር። ሽማግሌውን መረጠልህ። አመስግነው እንጂ።» ቀለበቱን መነጨቀው። «ልቀቅ፣ ሰዓት ደርሷል።»

ባቡሩ ሄደ። ሸማኔ በሚቃጠል ጣቢያ ውስጥ እንዳለ ሰው ተጨንቆ የመረጠውን፣ አጎት ከሳምንት በፊት ወንበር ላይ ተደላድሎ መርጦታል። ለአንድ አፍታ መኪናው ውስጥ የሚጫኑትን ሽማግሌ ሊያይ ፈለገ። አላየም። ወደ መስኮቱ ተመልሶ ለአንዲት ሴት ትኬት ቆረጠ።

በማግስቱ ከተማ ሄዶ ፈረመ። ወደ መንደሩ አልተመለሰም።

አጎት የተቀበለው ከአንድ ልብስ ስፌት በላይ ባለች ክፍል ነው። መርፌዎቹ ከታች ይንጫጫሉ።

«ደርሷል» አለው። «ጥሩ ሥራ ነው።»

«ሽማግሌውስ?»

«እኔ ነኝ ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ጥፍራቸው ሲነቀልም። ስምህን ጠርተው ቢሆን አንተ እዚህ አትቀመጥም ነበር። ለምን እንዳልጠሩህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

ያውቃል። «ልጄ» ይሉት ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት የጥይቱ ባቡር ድልድይ ላይ እንዳለ ጋየ። ነጂው አብሮ ጋየ። ወፍራም መነጽር የሚያደርግ ሰው ነበር። ያን ቀን የሚነዳው እሱ መሆኑን አጎት ያውቅ ነበር፤ ለሸማኔ ሲነግረው ሻዩን እያማሰለ ነው።

ከዚያ አዲስ መታወቂያ፣ አዲስ ስም። ጢሙን ተላጨ። ከወዲያኛው የሐዲዱ ጫፍ ባለ ከተማ የሰዓት ጠጋኝ ሱቅ ይጠብቀዋል። መንገዱ አንድ ነው።

የዘጠኝ ሰዓቱ ባቡር መንደሩ ጣቢያ ላይ ሦስት ደቂቃ ቆመ። ሸማኔ በሦስተኛው ፉርጎ መስኮት አጠገብ ነበር፤ ባርኔጣው ዓይኑ ላይ ወርዷል። አዲሱ ሹም ቀለበቱን ሳይመዝን እንደ ባዶ ጆንያ ለነጂው ወረወረለት።

ያኔ ድምፃቸውን ሰማ።

እማማ ፉርጎዎቹን እየዳበሱ ከመስኮት መስኮት ይመጣሉ። ክንዳቸው ላይ አንድ ሹራብ ተጥሏል። የእሱ ሹራብ ነው፤ ክርኑን ሊጥፉለት ወስደውት ነበር።

«እናንት ልጆች፣ እዚህ ትኬት ይቆርጥ የነበረውን ልጅ ያየ አለ? ባለቤቴን የወሰዱ ጊዜ እሱንም ወሰዱት። የፊታችን ሐሙስ ፍርድ ነው፤ ሊገድሉብኝ ነው። ሰውየው ምንም እንዳላደረገ የሚያውቅ ያ ልጅ ብቻ ነው። አንድ ቃል ቢናገርለት…»

«አላየንም እማማ» አላቸው የፊተኛው ፉርጎ።

«አላየንም» አላቸው የሁለተኛው።

እጃቸው የእሱን መስኮት ጠርዝ ያዘ። ከጣቱ አንድ ስንዝር አይርቅም። ሞራ የጋረደው ዓይናቸው ቀጥታ ፊቱን ያያል፤ ምንም አያይም።

«እዚህስ? ሰው አለ?»

«አለሁ» ቢል ይበቃል። «አላየሁም» ቢልም ያው ነው፤ በድምፁ ያውቁታል። ተሳስተው አያውቁም።

እጁን ከመስኮቱ ሰበሰበ። ቀለበቱ በተመዘነበት ዕለት እንዳደረገው ትንፋሹን ዋጠ።

እማማ ጆሯቸውን አዘንብለው ትንሽ ጠበቁ።

«ባዶ ነው» አሉ ለራሳቸው። ብረቱን እየዳበሱ ወደሚቀጥለው መስኮት አለፉ።