ከዝናብ ወደ ጃንጥላ

ቂም አልይዝም የሚል ሰው ገና አልተከዳም። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ይዣለሁ፤ ደግሞም አልከበደኝም።

ሰውየው የሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ በኋላ የልቤ ሰው ሆነ። የተዋወቅነው ቢሮው በር ላይ ዝናብ ይዞኝ ጃንጥላውን ሲያጋራኝ ነው።

ያኔ አንድ ፕሮግራም እየሠራሁ ነበር። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ሁለት ርዕስ ስትጽፍለት፣ በኢንተርኔቱ ኢንሳይክሎፒዲያ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው በስንት ሊንክ እንደሚደረስ ይነግርሃል። ከጨው ወደ ጨረቃ፣ ሦስት።

«ከእኔ ወደ አንቺስ?» ይለኛል።

«አንተ ገጽ የለህም» እለዋለሁ። ይስቃል። ሳቁን እወደው ነበር።

አንድ ቀን ፕሮግራሜን የራሱ አድርጎ ለሥራ አስኪያጁ አቀረበና የክፍል ኃላፊ ሆነ።

«ለሁለታችንም ብዬ እኮ ነው» አለኝ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልኩ። ይቅር ያልኩት መሰለው።

ፕሮግራሙ መንገድ ሲፈልግ ጭራሽ የማይነካቸው፣ የታገዱ ርዕሶች ዝርዝር አለው። የዓመተ ምሕረት ገጾች እዚያ ይገባሉ፤ ካልታገዱ ሁሉን ከሁሉ ያገናኛሉ። እኔ አንድ ቃል ጨመርኩበት፤ ጃንጥላ። እሱ ዝርዝሩን ከፍቶ አያውቅም።

ለአለቆች በሚያሳይበት ቀን ከኋላ ተነሣሁ። «እስቲ ከዝናብ ወደ ጃንጥላ ይሞክሩልን» አልኩት፣ አንቱ ብዬ።

ጻፈ። «መንገድ የለም» አለ ስክሪኑ። ደግሞ ጻፈ።

«ምነው? ይሄንንማ ሕፃንም ያገናኘዋል» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ግንባሩን አላበው። ዞሮ አየኝ። ሦስት ወር የጠበቅኩት ያንን አስተያየት ነበር።

«ሥራው የእኔ አይደለም፣ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «የሠራችው እሷ ናት። ወስጄባት ነው።»

ላዋርደው ያዘጋጀሁትን ንግግር አፌ ውስጥ አስቀረው። በቀሌንም ቀማኝ።

አሁን ወንበሩ የእኔ ነው፤ እሱ በእኔ ሥር ይሠራል። ፕሮግራሙ የተጻፈለትን ሁሉ ይመዘግባል። ጠዋት ጠዋት ገና እንደገባ የሚጽፋት አንድ መስመር አለች። ዝናብ፣ ጃንጥላ። መልሱም ያው ነው።

«ያቺን ቃል ከዝርዝሩ መቼ ነው የምታነሻት?» አለኝ አንዴ ደረጃው ላይ።

«ገና ነህ» አልኩት። ይበለው።

እኔ ግን ከሱ ቀድሜ እገባለሁ። መዝገቡን ከፍቼ እስኪጽፋት እጠብቃለሁ። ትናንት አረፈደ። ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።