ጋሼ እሽሽ ፈርሞ ገብቷል

ያመነ ይመነኝ፣ ያላመነ ይለፈኝ... እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።

ዕለቱ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ቦግ ብላለች።

የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። ደብዳቤ እቀበላለሁ፣ የሠራተኞችን የፊርማ መዝገብ እይዛለሁ።

አንዲት ፖሊስ የታሸገ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ርዕሰ መምህሯ ከፍተው አነበቡት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"በሩን ዝጊው" አሉኝ።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛችን ሚስቱን በመግደል ተጠርጥሮ ታስሯል። ሥራው ከሕፃናት ጋር ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ይወቀው ይላል ደብዳቤው።

ልጆቹ "ጋሼ እሽሽ" ነው የሚሉት። ዝም ሊያሰኛቸው "እሽሽ" ይላል፤ ከዚያ ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። "ልጆቹን እንጂ ዝንብ እንኳ እሽ አይልም" እያልን እንቀልድበት ነበር።

"መቼ ታሰረ?" አልኳት።

"ሰኞ ማታ።"

ሳቄ መጣ። "ኧረ የኔ እህት፣ ተሳስታችኋል። ዛሬ ጠዋት ፈርሞ ገብቷል እኮ!"

መዝገቡን ገለጥኩላት። ማክሰኞ... ረቡዕ... ሐሙስ። የራሱ ፊርማ ነው።

ብቻ... የሦስቱም ቀን ቀለም አልደረቀም። ነካ ሳደርገው ጣቴ ጠቆረ።

ፖሊሷ ስልክ ደወለች።

"አለ?... እርግጠኛ ነህ?... እሺ።"

ዘጋችው። "እስር ክፍሉ ውስጥ ተቀምጧል። ዘበኛው እያየው ነው።"

ርዕሰ መምህሯ ብድግ አሉ።

"ወይኔ ልጆቼ! አሁን የሁለተኛ ክፍል የንባብ ሰዓት ነው!"

እየሮጥን ሄድን።

የቤተ መጻሕፍቱ በር ገርበብ ብሏል። አርባ ሕፃን ውስጥ አለ... አንድ ወንበር እንኳ ሲንቋቋ አይሰማም። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ያነባሉ።

የሱ ወንበር ባዶ ነው።

"ማነው ያስገባችሁ የኔ ቆንጆ?" ርዕሰ መምህሯ ፊት የተቀመጠችውን ልጅ በሹክሹክታ ጠየቋት።

"ጋሼ እሽሽ።"

"የት ሄደ?"

"አሁን እዚህ ነበር... ቀስ ብለው ያውሩ ቲቸር። ‹ሚስቴ ተኝታለች፣ እንዳትቀሰቅሷት› ብሎናል።"



"የት ነው የተኛችው?" አለች ፖሊሷ።

ልጅቷ ከኋላ ወዳለው መደርደሪያ ጠቆመች።

ፖሊሷ ሄዳ አየች። "ምንም የለም" አለች።

ግን ስትመለስ... በእግሯ ጣቶች ነበር የምትራመደው።

ልጆቹን እጅ ለእጅ አያይዘን ወደ ሜዳው አወጣናቸው። ማንም እንዳልቀረ አይቼ በሩን ቆለፍኩ። ስንቆጥራቸው አርባ ናቸው፤ አንድም አልጎደለ።

እፎይ ልል ስል...

ልጆቹ አንድ ላይ ዞሩ። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መስኮት እያዩ፣ እየሳቁ፣ እጃቸውን ያውለበልቡ ጀመር።

እኔ መስታወቱ ላይ ካረፈችው ፀሐይ በቀር ምንም አልታየኝም።

ፖሊሷን ዞሬ አየኋት። ሰኞ ማታ የሚስቱን ሬሳ ከቤት ያወጣችው እሷ እንደነበረች የነገረችኝ በኋላ ነው።

 ዓይኗ መስኮቱ ላይ ተተክሏል።

ከዚያ እሷም... ቀስ ብላ እጇን አነሳች።