አንድ ጥርስ ለሁለት ጉዳይ

ኢኖኬ የይቅርታ ሊቅ ነበር። በሱቫ ከተማ ስለ ይቅርታ እንደ እሱ የሚያውቅ ጠበቃ አይገኝም፤ ይቅርታ መጠየቅ ግን አንድ ቀን እንኳ ሆኖለት አያውቅም።

በደሴቶቻችን አንዱ ሌላውን ሲበድል፣ የበዳዩ ሽማግሌ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዞ ተበዳይ ቤት ይሄዳል። ጥርሱን ከተቀበሉት ዕርቅ ወረደ ማለት ነው። ታዲያ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኛው ይህን ዕርቅ ምን ያድርገው? ኢኖኬ በዚህ ጥያቄ ላይ ለዓመታት ተከራክሯል፣ ጽፏል፣ ዳኞች አሠልጥኗል። በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲው፣ «አዲስ ጥናት አያስፈልግህም። እስካሁን የሠራኸውን ሰብስብ፣ አንዱን ከሌላው የሚያያይዝ ድርሰት ጻፍ፣ ፈታኞች ፊት ቀርበህ ተሟገትለት፤ የሕግ ዶክተር ትሆናለህ» አለው።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ከሥራዎቹ ሁሉ ዋናው መጽሐፍ የተጻፈው በሁለት ሰው ነው፤ እንዲህ ሲሆን ደግሞ ማን ምን ያህል እንደጻፈ ሁለቱም ተስማምተው መፈረም አለባቸው። ሁለተኛዋ ጸሐፊ ኡናይሲ ናት። ኡናይሲ አኩርፋ፣ ባሕር ተሻግራ፣ አባቷ አገር ሳቩሳቩ ከገባች ሁለት ዓመት አልፏታል።

ያኮረፈችው ያለ ምክንያት አይደለም። መጽሐፉ የተመረቀ ዕለት ኢኖኬ መድረክ ላይ ወጥቶ እናቱን አመሰገነ፣ አሳታሚውን አመሰገነ፣ የልጅነት የራግቢ አሠልጣኙን ሳይቀር አመሰገነ። እሷን ረሳት። ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ነበር፤ ለእሱ ብላ ያሰፋችውን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ።

ደውሎ ይቅርታ እንዳይል፣ የመጽሐፉ ምዕራፍ ሦስት «በስልክ የተባለ ይቅርታ ይቅርታ አይደለም» ይላል። ያችን ዓረፍተ ነገር የጻፈቻት እሷው ናት።

መርከብ ተሳፍሮ ሄደ። ኡናይሲ ከጥብቅና ቢሮዋ በረንዳ ላይ ሆና ከወደቡ ሲመጣ አየችው። እሷን ላለማየት ጫማውን እያየ ነበር።

«ደኅና ነሽ?»

«ደኅና ነኝ። ምን ጠፍቶብህ መጣህ?»

«ፊርማሽን ፈልጌ ነበር።»

«ፊርማዬን» አለች ቀስ ብላ። «እኔን ደግሞ መቼ ልትፈልግ አስበሃል?»

ችሎት ላይ የማያርፈው ምላሱ ከዳው። እሷ ወደ ጉዳዩ ገባች።

«ድርሻህ ስንት ከመቶ ነው ትላለህ?»

«ሰባ።»

«ይገርማል። እኔም በዚሁ መጽሐፍ ለዶክትሬት አመልክቻለሁ። እኔም ሰባ ነው የምለው።»

«መቶ አርባ መጣ እኮ።»

«ሒሳቡስ አላቃተህም። ያቃተህ ይቅርታው ነው።»

ኢኖኬ አፉን ሊከፍት ሲል እጇን ዘርግታ አስቆመችው።

«በባዶ እጅህ? ያለ ሽማግሌ? ሂድና ምዕራፍ ሦስትን አንብብ።»

በሩን ዘጋችው። ከበሩ ጀርባ ግን ቆማ ኮቴው እስኪርቅ አዳመጠች። ናፍቋት ነበር፤ በመናፈቋም በራሷ ተናደደች።

ኢኖኬ ሱቫ ተመልሶ በሽማግሌነት ይዟቸው የመጣው አጎቱ ሳኪዩሳ ከባሕር ጋር የማይስማሙ ሰው ናቸው። ጥርሱን በጨርቅ ጠቅልለው ተሳፈሩ፣ መንገዱን ሙሉ ሲያስመልሳቸው ቆየ፣ ሳቩሳቩ ሲወርዱ «ስማ፣ ለሌላ ጉዳይ ተብሎ ይህን ውኃ ደግሜ አልሻገረውም» አሉት። ኢኖኬ ማጉረምረም መስሎት አለፈው። ውሳኔ ነበር።

በኡናይሲ አባት ቤት ሁሉም ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ፤ ያንጎና የሚባለው የሥር መጠጥ በኮኮናት ቅል እየተቀዳ ዞረ። አጎት ሳኪዩሳ ጥርሱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ስለ ልጃቸው ጥፋት ለመኑ። አንጀት የሚበላ ልመና ነበር። ከዚያ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ ቀጠሉ።

«እግረ መንገዳችንንም ልጃችሁን ለልጃችን ለሚስትነት እንለምናለን።»

አባትየው ጥርሱን ተቀብለው በክብር አጨበጨቡ።

«አባባ» አለች ኡናይሲ ከጓዳው በር ላይ። «ጥርሱ አንድ፣ ልመናው ሁለት ነው። የተቀበልከው የትኛውን ነው?»

«ሁለቱንም» አሉ አባቷ። «ጥሩ ጥርስ ነው።»

 ኢኖኬ ሳትጠየቅ የተዳረች እንዳይመስላት ሊያድናት ፈለገና፣ ኖሮ ኖሮ በተናገረ ቀን የማይባለውን ተናገረ።

«ሁለተኛውን እኔ አላዘዝኩም።»

 ያንጎና ቀጂው እጁን ገታ።

«አላዘዝክም» አለች ኡናይሲ።

«ማለቴ እንኳ...»

«ገብቶኛል። ይቅርታውን ተቀብያለሁ። ሁለተኛው ጉዳይ አመልካች ስለሌለው መዝገቡ ተዘግቷል።»

በመልሱ ጉዞም አጎትየው ሲያስመልሳቸው፣ በየመሐሉ ቀና እያሉ «ጅል» ይሉት ነበር። ኢኖኬ አልተከራከራቸውም። ዶክትሬቱ ትዝም አላለው። ያጣው ልጅቱን ነበር፤ በገዛ አፉ።

ጥቂት ቆይቶ ፕሮፌሰር ካምላ ሁለቱንም ሱቫ ቢሯቸው አስጠሯቸው። የሁለቱም አማካሪ ናቸው፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረባቸውም። ኡናይሲ መስኮቱን፣ ኢኖኬ ኡናይሲን እያየ ተቀመጡ።

«ለየብቻ የላካችሁልኝን ድርሻ ደመርኩት» አሉ ፕሮፌሰሯ። «አንተ የራስህን ሠላሳ ከመቶ ነው ትላለህ። አንቺም የራስሽን ሠላሳ ትያለሽ። ስልሳ ብቻ መጣ። ዩኒቨርሲቲው የቀረውን አርባ ማን ጻፈው እያለ ይጠይቀኛል።»

ኡናይሲ ፊቷን ከመስኮቱ መለሰች። «ሠላሳ አልክ?»

«እንደገና አነበብኩት። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ያንቺን ነው። አንቺስ?»

«በየመንደሩ ዞረህ ሽማግሌዎቹን ያዳመጥክ አንተ ነህ። ያንተ ጆሮ ባይኖር ምን እጽፍ ነበር? ብናደድብህም አልዋሽብህም።»

«ደስ ይላል» አሉ ፕሮፌሰር ካምላ። «አርባውስ?»

 ኡናይሲ ሳታስበው ፈገግ አለች።

«እሱን አብረን ነው የጻፍነው። አንዱ ይጀምረዋል፣ ሌላው ይጨርሰዋል። የማን እንደሆነ አይለይም።»

«የማን እንደሆነ የማይለይ ንብረት እኔ የማውቀው ባልና ሚስት ቤት ነው» አሉ ፕሮፌሰሯ ብዕራቸውን እያነሡ። «ሃምሳ ሃምሳ ብዬ እልከዋለሁ። የቀረውን እናንተ ጨርሱት።»

ኢኖኬ ከወንበሩ ተነሣ። ሽማግሌ የለው፣ ጥርስ የለው፣ እጁን የሚያደርግበት ጠፋው።

«አላዘዝኩም ያልኩት እውነት ነው» አለ። «ያላዘዝኩት እምቢ እንዳትይኝ ፈርቼ ነው። መጽሐፉን ሙሉውን ውሰጂው፣ ዶክትሬቱም ይቅርብኝ። እወድሻለሁ፣ ኡናይሲ። አግቢኝ።»

 ፕሮፌሰር ካምላ መጻፍ የተዉ አልመሰሉም፤ ብዕራቸው ግን አይንቀሳቀስም።

«ያለ ሽማግሌ የቀረበ ልመና ዋጋ የለውም ብዬ ጽፌያለሁ» አለች።

«አንብቤዋለሁ።»

«ያንን ስጽፍ ማንም ለምኖኝ አያውቅም ነበር» አለችና እጇን ሰጠችው።