የአውሮፕላን ሰው እጅ

ነገሬ ሞቶ የተገኘው ከኮልፌ ቁልቁለት ሥር፣ የሚነዳው ካሚዮን መሪ ላይ እንደተደፋ ነው።

ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። የጣሊያኑ ፖሊስ አዛዥ፣ ካፒቴኑ፣ ሬሳውን እንኳ ሳያይ ፈረደ። ነገሬ የሚነዳለት የካሚዮን ኩባንያ ጋራዥ ሠራተኛ ሰይፈዲን ፍሬኑን አበላሽቷልና ቅዳሜ ይሰቀላል።

ጣሊያን የቀጠረው ፖሊስ ቀጄላ ግን ካሚዮኑ ሥር ገባ። የፍሬኑ ዘንግ በሞረድ ተገዝግዟል። ያንን ለመገዝገዝ ዘንጉን የያዘውን ብሎን መፍታት ግድ ነው። ብሎኑ ግን ተመልሶ ጠብቋል። እንዳይላላም በተገመደ ቀጭን ሽቦ ታስሯል።

ሽቦውን ቆርጦ ወደ እስር ቤት ሄደ።

"አንተ ነህ ያሰርከው?"

"እኔ ብሎን እንዳይላላ ሚስማር ነው የማጥፍበት፣ ጌታዬ። ሽቦ የሚገምደው ነገሬ ነበር። ስስቅበት 'ዝም በል፣ አንተ የጋሪ ሐኪም!' ይለኛል።"

"ነገሬ የራሱን ፍሬን ይገዘግዛል?"

"ልጆች አሉት እኮ!"

ቀጄላ ለቅሶ ቤት ገባ። የነገሬ ሚስት ዋጋነሽ ሽቦውን ገና ስታየው ለየችው።

"የአውሮፕላን ሰው እጅ ነው። በንጉሡ ጊዜ ነገሬና ጓደኞቹ ጃንሜዳ የአውሮፕላን ጥገና ሲማሩ እንዲህ ነበር የተማሩት። ሰማይ ላይ የተፈታ ብሎን ማን ያጠብቀዋል ይለኝ ነበር።"

"ሌሎቹ የት አሉ?"

"ጣሊያን እንደገባ ለቅሞ ረሸናቸው። የቀሩት ነገሬና ገብረማርያም ብቻ..."

አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ገብረማርያም ወታደር ነበር፤ ከዚያ የአውሮፕላን መካኒክ ሆነ። አሁን የካሚዮኖቹ ኩባንያ ሹም ነው።

"ገዝግዘው ሲያበቁ ለምን መልሰው አሰሩት፣ አቶ ገብረማርያም?" አለው ቀጄላ ሽቦውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ።

ገብረማርያም ሽቦውን አይቶ ሳቀ።

"ሳላስር ልሄድ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።"

"ነገሬ ምን አደረገዎት?"

"የጓደኞቻችንን ስም ለጣሊያን የሰጠሁት እኔ መሆኔን ደረሰበት። ሹፌሮቹ ፊት እናገራለሁ አለኝ። የሱን ስም ብቻ ነበር ያስቀረሁት፤ አብሮ አደጌ ነው ብዬ። ምስጋናው ይህ ሆነ! በል ሂድ፣ ለካፒቴኑ ንገረው።"

ቀጄላ ነገረው። ካፒቴኑ በትዕግሥት ሰማ።

"ስም የሰጠንን ሰው አንሰቅልም። አደጋ ነው በል። የታሰረውንም ልጅ ፍታው።"

ቀጄላ ሊከራከር አፉን ከፈተ። የሰይፈዲን አንገት ትዝ አለውና መልሶ ዘጋው።

በሰልስቱ ገብረማርያም በኩባንያው መኪና መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ከመሐል አስቀመጡት። ዋጋነሽ ተነሥታ ፊት ለፊቱ ቆመችና ሙሾ አወረደች፦

"ባሌን ገደል በላው አትበሉኝ እናንተ፣
ከመሐል ተቀምጧል ሞቱን የሸመተ።"

መጀመሪያ ሰይፈዲን ተነሥቶ ወጣ። ሹፌሮቹ ተከተሉት። ገብረማርያም አግዳሚው ላይ ብቻውን ቀረ።

ሰኞ ጧት ግን ሹፌሮቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቢሮው በር ላይ ይጠብቁት ነበር። እንጀራ ነው።

ሰይፈዲንም መሐላቸው ነበረ።