የወዱድ መሐላ

«ምንም ባይበላስ?» አለች ሒክማ።

መምህር ሔሩይ ጠመኔውን እንደያዘ ዞረ። ሰሌዳው ላይ የሣለው ጉበት የተረገጠ ጫማ ይመስላል፤ ሥዕል እንደማይሆንለት እሱም ያውቃል። አጠገቧ የተቀመጠችው ለተንሳኤ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት።

«አቦ ሒኪ፣ ይሄ እኮ ለፈተና አይመጣም። ልንወጣ ነው።»

ሒክማ እጇን አላወረደችም። «የስኳር በሽታ ያለበት ልጅ መርፌው ቢያልቅበት፣ ምንም ባይበላ እንኳ ስኳሩ ይጨምራል?»

«ይጨምራል» አለ መምህሩ። «ጉበት ራሱ ስኳር ይሠራል። ሴሎቹ ውስጥ፣ ለዚህ ሥራ የሚሆኑትን ፕሮቲኖች አምርቱ ብለው የሚያዙ ጂኖች አሉ። ኢንሱሊን ሲመጣ እነዚያን ጂኖች ዝም ያሰኛቸዋል። ኢንሱሊን ከሌለ ግን የሚያስቆማቸው የለም። ፕሮቲኑ መመረቱን ይቀጥላል፤ ሰውነቱ የገዛ ጡንቻውን ያፈርሳል፣ ጉበቱም ከዚያ ስኳር ይሠራል። ልጁ ቢጾምም፣ ቢተኛም። ገባችሁ? ተረዲኡኩም ዶ?»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «እወ» አለ። ሒክማ እጇን አወረደች። እሷ ከሁሉም በላይ ገብቷት ነበር።

ታላቅ ወንድሟ አብዱልወዱድ የሞተው መንገዱ ተዘግቶ ኢንሱሊን ከመቀሌ በጠፋበት ጊዜ ነው። እናታቸው ዘኪያ የመጨረሻዋን ብልቃጥ እያብቃቃች ሰነበተች። ካልበላ ስኳሩ አይወጣም ብላ ዳቦውንም ከለከለችው። ጠዋት ስትለካው ግን ከማታው ብሶ ታገኘዋለች። ቤት ውስጥ የቀረው ጣፋጭ ነገር ለረመዳን የተቀመጠ አንድ ጣሳ ተምር ብቻ ነበር።

«ተምሩን በልተሃል» ትለዋለች።

«ወላሂ አልበላሁም» ይላል ወዱድ።

ሒክማን ልካ ትራሱን አስፈተሸች። አንድም ፍሬ አልተገኘም። ዘኪያ ግን ከልጇ ይልቅ መለኪያውን አመነች፤ ሒክማም እናቷን አመነች። መድኃኒቱ ከተማ የገባው ወዱድ ከተቀበረ በኋላ ነው። ልጄ በሐሰት ምሎ ሞተ የሚለው ሐሳብ ዘኪያን ከሞቱ እኩል አንገበገባት። ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው ለመሐላው ማስተሰረያ ይሁን ብላ ሶደቃ ተምር ታወጣለች። መስጊድ በር ላይ የምታድለው ሒክማ ናት። ዘኪያ ታፍራለች፣ ሄዳም አታውቅም።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሒክማ ሁሉንም ለለተንሳኤ ነገረቻት።

«እና ለእናትሽ ንገሪያታ!»

«ተምሩ ነው የገደለው እያለች ነው እስከ ዛሬ የቆመችው። እሱን ብወስድባት ምን ይቀራታል?»

የቀዳማይ ወያነን ገበያ አቋርጠው መለያያቸው ጋ ሲደርሱ ለተንሳኤ «ኣጆኺ፣ አይዞሽ» ብላ እጇን ጨበጥ አደረገቻት።

ዘኪያ የቅመም ሱቋን ቀድማ ዘግታ፣ የታጠበውን ተምር ትሪ ላይ እየደረደረች ነበር።

«ቶሎ በይ ልጄ፣ አዛን ሊል ነው። ያው፣ ለወንድሜ መሐላ ነው በያቸው። ዱዓ ያርጉለት።»

ሒክማ ትሪውን ተቀብላ እስከ በሩ ሄደች። ዝም ብትል ቀኑ እንደ ሌላው ጁምዓ ያልፍ ነበር። ግን ወዱድ ከእሷ ሌላ የሚቆምለት ሰው አልነበረውም። ተመለሰች።

«ኡሚ፣ ወዱድ አልዋሸም።»

ዘኪያ ቀና አለች። ሒክማ መምህሩ ያለውን አንድ በአንድ ነገረቻት።

«ጉበቱ ነው የሠራው?»

«ጉበቱ ነው። መርፌው ስላልነበረ። ተምሩን አልነካውም ኡሚ።»

ዘኪያ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ደግማ ጠረገች። «ርቦኛል ይለኝ ነበር» አለች። «ልጄ ርቦኛል እያለኝ፣ እኔ ሌባ አልኩት።» መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሲሞት እንኳ ያላለቀሰችውን ልቅሶ አለቀሰች። ሒክማ ባልነገርኳት ኖሮ ብላ ተመኘች፤ ትሪውን አስቀምጣ እናቷን አቀፈቻት፣ አብራትም አለቀሰች።

አዛኑ ከመስጊዱ ተሰማ። ዘኪያ ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፣ ሻርፗን ተከናነበችና ትሪውን አነሣች።

«ዛሬ እኔ ነኝ የምወስደው።»

«ምን ልትያቸው?»

«ልጄ እውነቱን ነበር እላቸዋለሁ። ዱዓውን ለኔ ያርጉልኝ።»

ሒክማ ያንን ትራስ ስታገላብጥ ወዱድ እንዴት እንዳያት ታወሳት። አልተቆጣም ነበር፤ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ፣ እስክትጨርስ ጠብቋት ነበር።

«ለኔም» አለችና ትሪውን በሌላው በኩል ያዘችላት።