ያልተከደነው ዓይን

«ከዓይን ባንክ ነው የምደውለው፤ ወይዘሮ ዲንቄ ነዎት?» አለች በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት።

ዱሬቲ የእናቷን ስልክ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወደ ግቢው አየች። እናቷ ዲንቄ ከድንኳኑ ጀርባ የለቀስተኛ ሳህን እያጠበች ነው፤ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች ዱሬቲ። ለምን እንደዋሸች እሷም አላወቀችም። ምናልባት መልካሙን ወሬ ቀድማ ለመስማት ጓጉታ ይሆናል።

«ሃፍሳ እባላለሁ። የአባትዎን የዓይን ብሌን መርምረን ነበር። አዝናለሁ፣ ለንቅለ ተከላ የሚሆን አይደለም።»

የዱሬቲ አያት ጆቴ፣ እሷ «አካኮ» የምትላቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና የነዱ ሰው ነበሩ። «ስሞት ዓይኔ ለሌላ ሰው መንገድ ያሳይ» ብለው ተናዘዙ። አጎቷ ሞቲ «አባቴ ብሌኑ ተነክቶ አይቀበርም!» ብሎ ሲጮህ፣ እናቷ ብቻዋን ተሟግታ ኑዛዜውን አስፈጸመች። ከዚያ ወዲህ እህትና ወንድም ሰላምታ የላቸውም።

«ለምን አይሆንም?» አለች ድምፅዋን ለማወፈር እየሞከረች።

«ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ዕድሜያቸው አለ፣ የአዳማ ሙቀት አለ፣ እኛ እስክንደርስ የቆየው ሰዓት አለ። ዓይን ሳይከደን ቆይቶ ነፋስ ካገኘውም ይደርቃል። በማይክሮስኮፕ ስናየው ሕዋሶቹ ሳስተዋል።»

«ማራገቢያ ተከፍቶ ቢሆንስ?»

«እሱም ይጎዳል። በእሱ ነው ብዬ ግን መናገር አልችልም።»

አካኮ በሞቱበት ዕለት ዓይናቸውን እንድትከድን የታዘዘችው ዱሬቲ ነበረች። ከድናለች። ቆየት ብላ ስትመለስ ግን የግራ ዓይናቸው ቆብ ገርበብ ብሎ አገኘችው። ደግማ መንካት ፈራችና ወጣች። ማራገቢያውንም ያበራችው እሷ ናት፤ ለቅሶ የመጡት ሴቶች በሙቀት ሲታፈኑ አሳዝነዋት። ታዲያ ጥፋቱ የእሷ ነው? ወይስ የዕድሜያቸው? ባለሙያዋ ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው?

«ሃሎ? ከፈቀዱ ለሐኪሞች መለማመጃ ይውላል። ካልፈቀዱ በክብር ይቀበራል። ተመካክረው ይደውሉልኝ።»

«እሺ» ብላ ዘጋች።

የአጎቷ የሞቲ ልጅ ኤባ ወንበር ተሸክሞ ሲያልፍ ቆመ። «ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ አመድ መሰለ።»

ነገረችው። ስለ ማራገቢያው ግን አልነገረችውም።

«አቦ፣ ዝም በይ!» አለ በሹክሹክታ። «አባዬ ከሰማ ‹አላልኳችሁም?› ብሎ ግቢውን ነው የሚቀውጠው። ደውለሽ ‹ፈቅጃለሁ› በያት፣ አለቀ። አታካብጂው።»

እውነትም ቀላል ነበር። አንዴ ዋሽታለች፤ ሁለተኛው ምን ይከብዳል? ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ስትዞር የእናቷን ድምፅ ሰማች። ለጎረቤታቸው ለአረጋሽ እያወራች ነበር።

«ይሄኔ አንዱ በአባቴ ዓይን ልጁን እያየ ይሆናል። እሱን ሳስብ ትንሽ ይቀለኛል።»

ዱሬቲ ቁጥሩን ሳትነካ ቆመች። ብትነግራት ያቺን ትንሽ መጽናኛ ልትነጥቃት ነው። ዝም ብትል ደግሞ በእናቷ አባት ዓይን ላይ፣ በእናቷ ስም፣ እሷ ልትፈርድ ነው። ሁለቱም ልክ አልመስል አላት። አረጋሽ የታጠበውን ሳህን ይዛ እስክትሄድ ጠበቀች።

«እማዬ፣ እጅሽን ጥረጊ።»

«ምነው?»

«ከዓይን ባንክ ደውለው ነበር። አንቺ ነኝ ብዬ አናገርኳቸው።»

እናቷ ሳህኑን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻት። ዱሬቲ ቁጥሩን ነክታ ስልኩን ዘረጋችላት። መጥራት ጀመረ። ስለ ማራገቢያው ከየት እንደምትጀምር ገና አላወቀችም። ብቻ በርጩማ ስባ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች።