በቀኝ ያለ ይቀድማል

ዌስ ማዙር አይላ ካንጋስን መጀመሪያ ያያት ቀን የቦውሊንግ አዳራሹ ሰዓት ቆመ። ባትሪው አልቆ ሊሆን ይችላል። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ግን በሌላ ምክንያት እንደቆመ እስከ ዛሬ ይምላል።

ሁለቱ ጎን ለጎን ባሉ መሞች ላይ ኳሳቸውን ታቅፈው እኩል ደረሱ። እንዲህ ሲሆን በቀኝ ያለው ይቀድማል፤ በዊስኮንሲን ይህን ሕግ ጡት ያልጣለ ሕፃንም ያውቀዋል። በቀኝ የቆመችው አይላ ነበረች። እሷ ግን አልወረወረችም። ዞር ብላ አየችው።

«ቀጥል» አለችው።

«በቀኝ ያለሽው አንቺ ነሽ።»

«አውቃለሁ። እግርህ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነው፤ ቶሎ ብትገላገል ይሻልሃል ብዬ።»

«የሚንቀጠቀጠው ወለሉ ነው።»

«ታዲያ እኔ ስር ሲደርስ ምነው ጸጥ አለ?»

ዌስ ወለሉን አየ። እሷም ፈገግታዋን ወደ ውስጥ መልሳ አራት እርምጃ ተራመደችና ወረወረች።

ኳሷ ጥቁር የጎማ ኳስ ነበር፤ ከእናቷ በዕድሜ የሚበልጥ የአያቷ ኳስ። ከእጇ ሲወጣ ድምፅ አልነበረውም። በቀኙ ቦይ ጠርዝ ጠርዝ፣ ለመውደቅ የፀጉር ስንጥቅ ያህል ሲቀረው፣ ሰው አንድ ሙሉ ደብዳቤ አንብቦ ሊጨርስ በሚችልበት ጊዜ ያህል ተንከባለለ። ከዚያ ሐሳቡን እንደ ቀየረ ሰው ቀስ ብሎ ወደ መሃል ዞረ። በመሙ ጫፍ የቆሙት አሥሩ የእንጨት ፒኖች አንድ ላይ ወደቁ። ድምፁን በሚሺጋን ሀይቅ ማዶ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ሰምተው፣ ነጎድጓድ መስሏቸው መረባቸውን ሰበሰቡ።

ዌስ ሃያ ዓመቱን ሙሉ ያሳለፈው በቦውሊንግ አዳራሽ ነው። አባቱ ካዝ ማዙር በሀይቅ ዳር አዳራሽ ማሽኖቹን የሚጠግን፣ መሞቹን ዘይት የሚቀባ ሰው ነበር። ዌስ አሥሩም ፒኖች በአንድ ኳስ ሲወድቁ፣ ስትራይክ የሚባለውን፣ ሚሊዮን ጊዜ አይቷል፤ ምናልባትም ሁለት ሚሊዮን። እንዲህ ያለውን ግን አላየም። ዳኛው ሦስት ጊዜ ስሙን ጠርቶት ነው ተራው መሆኑን ያስታወሰው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወር እስኪመጣ መቁጠር ሆነ ሥራው።

የወጣቶቹ ውድድር ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በወር አንድ ቅዳሜ፣ በየወሩ በሌላ ከተማ ይካሄዳል። ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው ሁሉ ይመጣል። ጠዋት ስምንት ስምንት ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ብዙ ፒን የጣሉት አምስቱ ይቀራሉ። አምስተኛው ከአራተኛው ይገጥማል፣ ያሸነፈው ከሦስተኛው፣ እንዲህ እያለ መሰላሉን ይወጣል። አንደኛው ከላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሽልማቱ የትምህርት ገንዘብ ነው፤ እጅ ላይ አይሰጥም። በልጁ ስም ይቀመጥና ትምህርት ቤት የገባ ቀን በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይሄዳል። ዌስ በስሙ የአራት ዓመት ሽልማት ተቀምጦለታል። የትምህርት ቤት በር ግን ረግጦ አያውቅም። አባቱ ብቻውን ሃያ አራት መም ዘይት ሲቀባ እየታየው እንዴት ይሂድ?

አይላ ደግሞ የምትመጣው ከሰሜን ሚሺጋን ነበር፤ ከአያቷ ከኡርሆ ካንጋስ ጋር በአሮጌ ፒካፕ ስድስት ሰዓት ተጉዛ። በሳምንት አምስት ቀን ዓሣ በጭስ የሚያደርቅ ቤት ትሠራለች። የደን ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ ተቀብሏት ሁለት ጊዜ በክፍያ ምክንያት ቀርታለች። ሦስተኛውን ደብዳቤ በኪሷ ይዛው ትዞራለች፦ ከሚያዝያው ፍጻሜ በኋላ ባለው ሰኞ ክፍያውን ካላረጋገጠች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። በግንቦት ሃያ አንድ ይሞላታል። ከዚያ በኋላ ወጣት የሚላት ውድድር የለም። የፍጻሜው አንደኛ ሽልማት ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስተምራል።

ይህን ሁሉ የነገረችው በኅዳር፣ የተጠበሰ አይብ ከአንድ ወረቀት ላይ እየተሻሙ ሲበሉ ነው።

«ለምን ደን?» አላት።

«ዛፍ አያወራማ።»

«እኔም እኮ ብዙ አላወራም።»

«አንተ? ከጠዋት ጀምሮ አፍህ አልተከደነም። አያቴን ጠይቀው።»

ኡርሆ አጠገባቸው ተቀምጠዋል። እኚህ ሰው በአንድ ውድድር ከሦስት ቃል በላይ ተናግረው አያውቁም፦ ጠዋት «ደህና»፣ ቀትር ላይ «ብርድ»፣ ማታ «እንሂድ»። ዌስን ከጫማው እስከ ፀጉሩ አዩትና የመጨረሻውን አይብ አንስተው በሉ።

በየካቲት ውድድሩ ሀይቅ ዳር አዳራሽ ደረሰ። ጨዋታው አልቆ ሰው ሲበተን ዌስ የአይላን እጅጌ ሳብ አደረገ።

«ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ። መተኛት አለብሽ ግን።»

«ምን አልክ?»

«ወለሉ ላይ ማለቴ ነው። በሆድሽ።» ጆሮው ቀላ። «ዘይቱን ለማየት።»

መወርወሪያው መስመር ጋ ጎን ለጎን ተኝተው ጉንጫቸውን እንጨቱ ላይ አሳረፉ። ስልሳ ጫማ የሚረዝመው መም ከፊታቸው ተዘረጋ፤ መብራቱ በዘይቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተኝቷል። ቆሞ ላየው ባዶ እንጨት ነው። ከዚያ ከታች ግን ሌላ ዓለም ነበር።

አይላ አንዱን ዓይኗን ጨፍና በሌላው አየች።

«ምን ታያለሽ?»

«ሀይቅ» አለች በሹክሹክታ። «መሃሉ ጥልቅ ነው። ዳሩ ስስ።»

«ኳስ ዘይት ላይ ይንሸራተታል፣ ደረቅ ሲያገኝ ነክሶ ይዞራል። ባለፈ ቁጥር ደግሞ ጥቂት ጠርጎ ይሄዳል። የኔ አዲሱ ኳስ እንደ ግመል ነው የሚጠጣው። ያንቺ አሮጌ ብዙ መንከስ ስለማይችል ስሱን ዳር ይወዳል። ሰው ጠዋት የነበረው መም ከሰዓትም ያለ ይመስለዋል። ሀይቁ ግን ቀኑን ሙሉ እየደረቀ ነው።»

«አንተ ይህን ሁልጊዜ ታያለህ?»

«ከአራት ዓመቴ ጀምሮ።»

ፊቷን ከመሙ ወደ እሱ አዞረች። በመካከላቸው አንድ ስንዝር ወለል ነበር። ዘይቱ የሁለቱንም ፊት ይዞ ያበራል። የዚያን ያህል ጸጥታ በዚያ አዳራሽ ከተሠራበት ዘመን ጀምሮ አልነበረም፤ የበረዶ ማሽኑ እንኳ ማንገራገሩን ተወ።

«ከዚህ በኋላ ቆሜም ሳየው ይታየኛል» አለች።

ከመብራቱ ማብሪያ ጋ የካዝ ድምፅ መጣ፦ «ልጆች፣ ወለሉን ስትጨርሱት ላጥበው እፈልጋለሁ።»

የሚያዝያው ፍጻሜም እዚያው ሀይቅ ዳር ሆነ። ከሦስት ግዛት የመጡ ሁለት መቶ ወጣቶች ተጫወቱ፤ የሰዉ ብዛት ጣሪያውን ሊያነሣው ምንም አልቀረውም። ጠዋት አይላ አንደኛ ወጣች። ዌስ አምስተኛ። ከዚያ መሰላሉን መውጣት ጀመረ። አራተኛውን ጣለ፣ ሦስተኛውን ጣለ፣ ሁለተኛው የበሬ ቅልጥም ያለው ግዙፍ ልጅ ነበር፤ እሱንም ጣለ። ቀና ሲል ከፊቱ የቀረች አይላ ብቻ ነበረች።

አባቱ ፎጣ ሲያቀብለው ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ስማኝ። መሃሉ አልቋል፤ እናንተው ከጠዋት ጀምሮ ላጣችሁት። ያንተ ኳስ እዚያ ያብዳል። እሷ ከዳር ነው የምትጫወተው፤ ዳሩ ገና ትኩስ ነው። እዚያ ግባ።»

«እኔ ከገባሁ ደርቆ ያልቅባታል፣ አባዬ።»

«በሁለቱም መሞች እየተፈራረቃችሁ ነው የምትጫወቱት። መሙ የማንም አይደለም። ሕጉም ይፈቅዳል።»

ዌስ ፎጣውን መለሰለት። መሃሉን ይዞ ቀጠለ።

በሙሉ ኃይሉ ነው የወረወረው፤ አንድም ኳስ አላባከነም። ግን አባቱ እንዳለው ኳሱ አበደ። ከአሥሩ ዙር አምስቱን ፒን እየተረፈበት ሄደ። አይላ በጠርዟ ላይ እንደ ገመድ ተራማጅ ነበረች፤ ጥቁሩ ኳስ እየሄደ፣ እየዞረ፣ እየጣለ። ሰዉ መጮህ ትቶ አፉን ከፍቶ ያያል። ዌስም ያያል። እየተሸነፈ መሆኑን ረስቶት ነበር።

ስድስተኛው ዙር ላይ አይላ ኳሷን ከመመለሻው ሳታነሳ መጥታ ፊቱ ቆመች። ፈገግታዋ የለም።

«ለምንድነው መሃል ላይ ያለኸው?»

«መስመሬ ነው።»

«ውሸታም። ማየት ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ ረሳኸው? መሃሉ ላንተ እንደሞተ ከዚህ ቆሜ ይታየኛል። ለኔ ትተህልኝ ነው።»

«አይላ፣ ሰኞ እኮ...»

«ሰኞን እኔ አውቃታለሁ።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ስድስት ዓመት ዓሣ ሳጥብ ማንም አዝኖልኝ አያውቅም፤ በዚያ እኮራለሁ። አንተ የመጀመሪያው ልትሆን ነው? ወደ ዳር ና። ካልመጣህ በሚቀጥሉት ኳሶች ሁሉ የመወርወሪያውን መስመር እረግጣለሁ። ዜሮ ነው የሚመዘገብልኝ። ልሞክርህ?»

መስመሩን የረገጠ ተጫዋች ቀይ መብራት ይበራበታል፣ የጣለው ፒን ሁሉ ይሰረዛል። ዌስ ዓይኗን አየ። ታደርገዋለች።

ወደ ዳር ገባ።

የሆነው አባቱ ያለው ነው። ኳሱ ነፍሱን አገኘ። ስትራይክ፣ ስትራይክ፣ ስትራይክ። ሰማይ የተቀደደ ይመስል ነበር። የአይላ ሀይቅ ደግሞ በዓይኑ ፊት ደረቀ። በስድስተኛው ዙር የአይላ ኳስ ጊዜው ሳይደርስ ነክሶ ዞረና የግራና የቀኝ ጥግ ፒኖችን አቁሞ አለፈ። በሰባተኛውም እንዲሁ፣ በስምንተኛውም እንዲሁ። ዌስ በልቡ ራሱን ሲሳደብ ቆይቶ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች በተከታታይ ጨረሰ። ዳኛው ሒሳቡን ተናገረ፦ አይላ ልታሸንፍ ከፈለገች ከአሁን ጀምሮ የምትወረውራቸው አራቱም ኳሶች፣ የዘጠነኛው ዙር አንዱና የመጨረሻው ዙር ሦስቱ፣ ስትራይክ መሆን አለባቸው።

ኡርሆ ከወንበራቸው ተነሱ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ በውድድር መሃል ተነስተው አያውቁም።

አይላ ኳሷን ታቅፋ መሙን አየች። ከዚያ አራት ሳንቃ፣ አምስት፣ ስምንት፣ አሥር ሳንቃ ወደ ግራ ተራመደች። በሕይወቷ ወርውራ ከማታውቅበት ቦታ፣ ልክ መሃል ላይ ቆመች። አዳራሹ አጉረመረመ።

ዌስ ግን ገባው። አራት ጎረምሶች ቀኑን ሙሉ የጠጡት ሀይቅ፣ ለእነሱ ነካሽ ኳስ ከልክ በላይ የደረቀው መሃል፣ ያ አሮጌ ጎማ ለመንከስ የሚፈልገውን ያህል ነው የደረቀው። እሱ ለአሥራ ስድስት ዓመት ሲያየው የኖረውን እሷ በሁለት ወር ከሱ አርቃ አየችው።

ወረወረች። አሥሩም ወደቁ።

የመጨረሻው ዙር የመጀመሪያ ኳስ፤ አሥሩም። ሁለተኛው፤ አሥሩም። ሦስተኛውን ስትለቀው ወፍ እንኳ በሀይቁ ላይ አልበረረም። ዘጠኙ ወደቁ። በቀኝ ጥግ ያለው አንድ ፒን ቆሞ ቀረ። ተወዛወዘ፣ ተረጋጋ። ሕዝቡ «ኧረ» ብሎ ተነፈሰ። ያኔ በግራ በኩል ወድቆ የነበረ ሌላ ፒን፣ ማንም ሳይልከው፣ ወለሉን አቋርጦ እንደ ሰካራም እየተንከባለለ መጣ። ያ ጉዞ አንድ ሰዓት ፈጅቷል የሚሉ አሉ። ደረሰና የቆመውን እግሩን ነካው። ወደቀ።

ዌስ የሚያስታውሰው ከሁሉ ቀድሞ የጮኸው እሱ መሆኑን ብቻ ነው።

ሰዉ ሲቀንስ መመለሻው አጠገብ ተቀምጠው ጫማቸውን ፈቱ።

«ተናድደሃል?» አለችው።

«ገና ድንጋጤው አልለቀቀኝም። ከለቀቀኝ በኋላ ጠይቂኝ።»

«ስምህ ላይ የተቀመጠው የአራት ዓመት ሽልማት፣ የዛሬውም ሲጨመር፣ እስከ መቼ ነው የሚቆይልህ?»

«ጥቂት ዓመት። ከዚያ ለሌላ ልጅ ይመለሳል።»

«የደን ትምህርት ቤቱ ከተማ ውስጥ ማሽን ጥገና የሚያስተምርም አለ። ማመልከቻ ገና አልዘጉም።» የጫማዋን ክር በጣቷ ጠመዘዘች። «ጠይቄ ነበር። በኅዳር።»

«በኅዳር?»

«አይቡን በበላን ሳምንት። አታስረዝመው።»

ዌስ ወደ አባቱ ዞረ። ካዝ ጀርባውን ሰጥቶ ንጹሑን ኳስ ደጋግሞ ይወለውላል።

«ሰምቻለሁ» አለ ሳይዞር። «ሃያ አራት መም ነው፤ ውቅያኖስ አይደለም። አንተ ሳትወለድም እቀባው ነበር። ሂድ።» ኳሱን አስቀመጠና ጨመረ፦ «እሁድ እሁድ ግን ደውል።»

ወደ መውጫው ሲሄዱ በሩ ጋ እኩል ደረሱ። ውጭ የሚያዝያ በረዶ ይጥላል። ሁለቱም ቆሙ።

«በቀኝ ያለ ይቀድማል» አለች።

ዌስ እግሩ ስር አየ። በቀኝ ያለው እሱ ነበር። አልተንቀሳቀሰም።

«ቅደም እንጂ» አለችው።

«እግርሽ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነው።»

«ወለሉ ነው» አለችና እጁን ያዘች።

ከኋላቸው ኡርሆ የኳሱን ቦርሳ ተሸክመው ይጠብቃሉ። የቀኑን ሦስት ቃላቸውን ከጨረሱ ቆይተዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ ላይ ውጡ» አሉ።

በሩ ለሁለት ሰው ይጠባል። ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ወጡ።